ለማስጠንቀቅ ያኖርኩት ሊንክ
(በቀድሞ ተማሪዎች ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ከሙያህ አንድ ነገር ንገረን፣ ግን እንዳታስረዝም» ብሎኛል። ከ4 ኪሎ ሒሳብ ተምሬ ከወጣሁ በኋላ አብዛኛውን ዕድሜዬን የሠራሁት አሜሪካ፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የኮምፒውተር ክፍል ነው። የምነግራችሁም ስለ አንድ ሊንክ ነው። ያኖርኩት እኔው ነኝ።

በ2004 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ ይቅርታ) ሚያዝያ ገደማ፣ በእንግሊዝኛ «አይሁዳዊ» ለማለት የሚጻፈውን ባለሦስት ፊደል ቃል ጉግል ላይ የፈለገ ሰው ከሁሉ በላይ የሚያገኘው ጸረ አይሁድ የሆነ የጥላቻ ድረ ገጽ ነበር። ገጹ ደግሞ ተሳዳቢ አይመስልም። ማውጫ አለው፣ በርዕስ በርዕስ ተሰድሯል፤ ቁርጥ ቤተ መጻሕፍት! ልጅ ቢያየው ያምነዋል።

አብራኝ የምትሠራ አንዲት አይሁዳዊት ሴት ነበረች፣ በዕድሜ እናቴ ልትሆን የምትችል። የልጅ ልጇ ለትምህርት ቤት የቤት ሥራ ብሎ ያንን ገጽ አትሞ ይዞላት መጣ። «አያቴ፣ ይሄ ስለ እኛ ነው?» አላት። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ፣ «ይህን ነገር የምታውቀው አንተ ነህ። ማነው ከላይ ያስቀመጠው?» አለችኝ።

ማንም እጁን ዘርግቶ አላስቀመጠውም። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በ1998 ከስታንፎርድ ያወጡት ዘዴ እንዲህ ነው፦ አንድ ገጽ ወደ ሌላው ሊንክ ሲያደርግ እንደ ድምፅ ይቆጠራል፤ ብዙ ድምፅ ያለው ገጽ የሚሰጠው ድምፅ ደግሞ ይበልጥ ይመዝናል። ሊንኩ ያረፈበት ቃልም ለተጠቆመው ገጽ ይመዘገብለታል። ማሽኑ ታዲያ «ይህን አንብቡ» እና «ከዚህ ተጠንቀቁ» የሚሉትን አይለይም። ጠቆምክ? ድምፅ ሰጠህ።

ይህን እያስረዳኋት አንደበቴ ተያዘ። ከጥቂት ወራት በፊት ለተማሪዎች «የማይታመኑ ድረ ገጾች» የሚል ዝርዝር አዘጋጅቼ ነበር። ያ ገጽ እዚያ አለ። ሊንኩ ያረፈውም በዚያችው በሦስት ፊደሏ ቃል ላይ! የዩኒቨርሲቲ ድምፅ ምን ያህል እንደሚመዝን እናንተ ገምቱ። ነገርኳት። ምንም አልመለሰችልኝም፤ ወረቀቷን ይዛ ሄደች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ሰዎች ሁለት መንገድ ያዙ። አንዱ ወገን ጉግል ገጹን እንዲያወጣው ፊርማ አሰባሰበ። ኩባንያው በእጄ አልነካም አለ፤ ከውጤቱ ጎን ማብራሪያ ብቻ አስቀመጠ። ቃሉ ነጠላውን ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በጠላቶች ጽሑፍ ውስጥ ነው፣ «የአይሁድ ሃይማኖት» ብሎ የሚፈልግ ግን ደህና ነገር ያገኛል የሚል ነበር። እውነት ነው፤ ግን ለዚያ ልጅ ምን ይረባዋል? ሌላው ወገን፣ ድረ ገጽ ያለው ሁሉ ያንን ቃል ጽፎ ወደ ዊኪፔዲያው ጽሑፍ ሊንክ ያድርግ አለ። ብዙዎች አደረጉት። ብዙም ሳይቆይ ዊኪፔዲያ ቀደመ።

እኔ መጀመሪያ አመንትቼ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በዚሁ ዘዴ «ምስኪን ውድቀት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ሐረግ ከፕሬዚዳንት ቡሽ የሕይወት ታሪክ ጋር አጣብቀውት አገር ሲስቅ ከርሟል። ዛሬ እኛ ለደግ የገፋነውን ነገ ሌላው ለክፉ ቢገፋውስ? አሁንም ይህ ሥጋቴ ስህተት ነበር አልልም። ነገር ግን ሚዛኑ ላይ የእኔው ድንጋይ ተቀምጦ ሳለ «እኔ ገለልተኛ ነኝ» ማለት አልቻልኩም። ሊንኩን ነቅዬ የገጹን አድራሻ እንዲሁ በጽሑፍ ተውኩት፤ ቃሉን ወደ ዊኪፔዲያ አዞርኩት። በ2005 ጉግልና ሌሎቹ «ይህን ሊንክ እንደ ድምፅ አትቁጠሩት» የሚል ምልክት አወጡ። ለእኔ ዘግይቷል።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። ጉግል በ2007 እንዲህ ያለውን የሊንክ ዘመቻ የሚያከሽፍ ለውጥ አደረገ። ሆኖም በ2016 ናዚዎች በአይሁድ ላይ የፈጸሙት ዕልቂት «በእርግጥ ተፈጽሟል ወይ?» ብሎ በእንግሊዝኛ የጠየቀ ሰው ከላይ ያገኘው የነጭ ዘረኞችን ገጽ ነበር።

እናንተን ለምን አደክማለሁ? በአማርኛ የተጻፈው ገጽ ጥቂት ነው። ያውም «ፀሐይ»ን በስንት ዓይነት ፊደል እንደምንጽፋት ታውቃላችሁ፤ ድምፁ ይበታተናል። በእንግሊዝኛ ብዙ ሰው የጠየቀው ሥራ በእኛ ቋንቋ ለጥቂት ተንኮለኞች የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። የአንድን ብሔረሰብ ወይም የአንድን ሃይማኖት ስም ዛሬ ማታ ስልካችሁ ላይ በአማርኛ ጻፉና ከላይ የመጣውን እዩት። ደህና ነገር ከጠፋ፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የታሪክም የቋንቋም ሰው ሞልቷል።

ያቺ ሴት ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ሰኞ ሰኞ በጠረጴዛዬ በኩል ስታልፍ «ዛሬ ስንተኛ ነው?» ትለኝ ነበር። እኔም ፈልጌ እነግራታለሁ።

ጥያቄ ያለው ካለ ቡናው እስኪፈላ እዚሁ ነኝ።