ታጠናናለች ወይስ ታጠናልናለች?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሒሳብ ክፍሉ ስም የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ክፍሉ ሪፖርት ሁልጊዜ አጭር ነው። ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ፣ ከዚያ ጭብጨባ። ዛሬ ግን በአጀንዳው አራተኛ ተራ ላይ የሰፈረው ጉዳይ በቁጥር ብቻ የሚያልቅ ስላልሆነ ትንሽ ታገሡን። (የሒሳብ ክፍሉ ስንል አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ካልኩሌተርና ዲፕሎማ ያላት አንዲት ሴት መሆናችንን ታውቃላችሁ። ቢሆንም «እኛ» ማለት ለምዶብናል።)

ጉዳዩ ይህ ነው። የአንዲት አባላችን ልጅ በሶሲዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ከያዘች በኋላ ሁለተኛ ዲግሪዋን በክሪሚኖሎጂ፣ ማለትም በወንጀል ጥናት፣ ለመማር ከማኅበሩ ብድር ጠየቀች። የመጀመሪያውን ዓመት ከፈልን። አሁን የሁለተኛው ዓመት ክፍያ ደርሷል፤ የመመረቂያ ጽሑፏን የምትሠራውም እዚሁ ምን አለሽ ተራ፣ በእኛው መካከል ነው። ብድሩ ይቀጥል ወይስ ይቁም? ደብተሮቻችንንስ እናሳያት ወይስ አናሳያት? ዛሬ የምንወስነው ይህንን ነው።

ለጋሾቻችን ቅር እንዳይላችሁ አንድ ነገር አስቀድመን እንናገር። እናንተ ለሙያ ሥልጠና የሰጣችሁት ገንዘብ ለዚህ አልተነካም። ለተሰጠበት ዓላማ ብቻ ነው የዋለው፤ መዝገቡ ክፍት ነው። ይህ ብድር የወጣው አባላት ከቁጠባቸው ካፈሩት ትርፍ ላይ ነው። ክርክሩም የጦፈው ለዚሁ ነው፤ በርበሬ ቀጥቅጠው፣ ጠርሙስና ጄሪካን አጥበው ሸጠው ያጠራቀሙት ገንዘብ ነውና።

ባለፈው ዓመት ጥያቄው ሲቀርብ የተባለውን ታስታውሳላችሁ። «ልጅ ሐኪም ትሆናለች እንጂ ወንጀል ትማራለች እንዴ?» ያሉ እናት ነበሩ። «ፖሊስ ልትሆን ከሆነ ደመወዝ እየተከፈላት ትሠልጥን» ያሉም ነበሩ። ስቀን አለፍን። ሳቁ የቆመው የልጅቷ እናት ብድግ ብለው ልጃቸውን በሁላችን ፊት ሲጠይቋት ነው። «ልጄ፣ ታጠኚናለሽ ወይስ ታጠኚልናለሽ?»

ለምን እንዲህ እንዳሉ አዲስ አባላት ላታውቁ ትችላላችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኚህ እናት ከአንድ ቁራሌ አሮጌ ድስትና የነሐስ ቧንቧ በኪሎ ገዙ። ቧንቧው ለካ ግንባታ ላይ ካለ ቤት የተነቀለ ኖሯል። ባለቤቱ ተራ ለተራ ሲፈልግ ዕቃውን እርሳቸው ዘንድ አገኘው። አራት ሌሊት ታሰሩ። ጠዋትና ማታ ስንቅ ያመላለሰችው ይህችው ልጅ ናት። ሲጠየቁ የሰጡት መልስ አንድ ብቻ ነበር፤ «ከቁራሌው ነው የገዛሁት።» የትኛው ቁራሌ? ስሙ ማን ነው? መቼ? በስንት? ምንም የተጻፈ ነገር አልነበረም። በነፃ ተለቀቁ፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ መደባቸው አጠገብ ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ሰዎች ነበሩ። ያንን ደግሞ ማንም አይክስም።

እኛም ከዚያ ወዲህ ሕጉን ለማንበብ ሞከርን። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 682 መሠረት ሌላ ሰው የሰረቀውን ንብረት መቀበል፣ መግዛት፣ መሸሸግ ወይም ሲሸጥ መርዳት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። የመብራትና የስልክ መሥመር ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይከብዳል፤ ለብቻው አዋጅ ቁጥር 464/1997 ወጥቶለታል። እንግዲህ ምን አለሽ ተራ የሚኖረው በምንድን ነው? ከየሰፈሩ በሚለቀም ዕቃ ነው። በርሜሉ ተቀጥቅጦ ምጣድና ከሰል ማንደጃ ይሆናል፤ ጎማው በረባሶ ይሆናል፤ ሌላው የጣለው እዚህ እንደገና ይወለዳል። ሺህ ንጹሕ ዕቃ መሐል አንዱ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። እሱን ከሺው ለይቶ ማወቂያው ምንድን ነው?

ልጅቷ በትምህርቷ የምትመረምረው ይህንን እንደሆነ የገባን ቆይቶ ነው። ክሪሚኖሎጂ ሌባ መያዝ አይደለም። ሰው ለምን ወንጀል ይሠራል፣ የትኛው ድርጊት ወንጀል ይባላል፣ ማንስ በቀላሉ ወንጀለኛ ይባላል፣ ቅጣቱ ምን ያመጣል የሚለውን የሚመረምር ትምህርት ነው። ነገሩ በአገራችንም አዲስ አይደለም። የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት ስዊዘርላንዳዊው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ነበሩ። ፖሊሱ ከአባዲና ኮሌጅ ጀምሮ ዛሬ ሰንዳፋ እስካለው ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሲማረው ኖሯል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት አንዳርጋቸው ተስፋዬም ስለ አገራችን የወንጀል ችግርና እርምት በእንግሊዝኛ ሁለት ቅጽ ጽፈዋል። ልጅቷ መጻሕፍቱን ይዛ መጥታ አሳይታናለች፤ አንብበን ጨረስን ብንል ግን ውሸት ይሆናል።

ከነገረችን ሁሉ ያልረሳነው የቼዛሬ ሎምብሮሶን ነገር ነው። ይህ ጣሊያናዊ ሐኪም በ1876 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ወንጀለኛ ሆኖ የሚወለድ ሰው አለ፣ በራስ ቅሉና በመንጋጋው ይታወቃል አለ። ሐሳቡ ከተጣለ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ግን እስቲ ጥላሸት የነካው ሸማ ለብሳችሁ ከምን አለሽ ተራ ጆንያ ተሸክማችሁ ወደ አንድ ትልቅ ሕንፃ ለመግባት ሞክሩ፤ በሩ ላይ ሎምብሮሶን ታገኙታላችሁ።

የእኛም አባቶች የራሳቸው መንገድ ነበራቸው። ሌባ ሻይ የሚሉት ነበር፤ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር። አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታም ነበር፤ ንብረት ሲጠፋ አገሬው በሙሉ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪወጣ ሥራ ፈትቶ ይውላል፣ ካልወጣም ካሳውን አገሩ በጋራ ይከፍላል። እኛ ይህን ስንሰማ ተያየን። አንድ ቧንቧ በጠፋ ቁጥር ተራው በሙሉ ሲጠረጠር ምኑ ነው ከአፈርሳታ የሚለየው?

ይሁን እንጂ ራሳችንንም እንይ። ካርል ክሎካርስ የተባለ አሜሪካዊ በ1974 እ.ኤ.አ. የተሰረቀ ዕቃ ገዝቶ የሚሸጥ አንድ ነጋዴን ኑሮ አጥንቶ መጽሐፍ አሳትሟል። የዚያ ሰው ማመካኛ ባጭሩ «እኔ አልሰረቅሁም፤ ዕቃው እኔ ጋ ሲደርስ አስቀድሞ ተሰርቋል፤ እኔ ባልገዛው ሌላው ይገዛዋል» የሚል ነው። ይህን ስትነግረን ቤቱ ጸጥ አለ። ከመካከላችን ይህን ቃል በአፏ ያላለች ካለች እጇን ታውጣ።

እኛ ሒሳብ የምንይዝ ሰዎችን በተለይ የነካን የዶናልድ ክሬሲ ጥናት ነው። አደራ የተሰጣቸውን ገንዘብ ያጎደሉ እስረኞችን አነጋግሮ በ1953 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ነው። ሦስት ነገር ሲገጥም ታማኝ ሰው ያጎድላል ይላል፤ ለማንም የማይነገር የገንዘብ ጭንቀት፣ ማንም የማያየው ቀዳዳ፣ ለኅሊና የሚሆን ማመካኛ። ማኅበራችን የዛሬ ስድስት ዓመት የደረሰበትን ታስታውሳላችሁ። ገንዘብ ያዣችን ከሳጥኑ ጥቂት በጥቂት እየወሰደች በየወሩ «እመልሰዋለሁ» ትል ነበር፤ ልጇ ታሞ ነበር፤ ለማንም አልነገረችም። እኛም ሳጥኑን የምትቆጥር ሁለተኛ ሰው አላስቀመጥንም። ያን ጊዜ «ሌባ» ብለን ሸኘናት። ዛሬ ሳጥኑን ሁለት ሰው ይቆጥራል፣ ለድንገተኛ ሕመምም ሳይጠየቅ የሚሰጥ ብድር አለ። ይህን ያደረግነው ክሬሲን አውቀን አይደለም፤ ተቃጥለን ነው። ቀድመን ብናውቅ ኖሮ ግን አንዲት እህታችን አሁንም ከእኛ ጋር ትቀመጥ ነበር ይሆናል።

ወደ ደብተሩ እንምጣ። ልጅቷ የምታጠናው አንድ ሐሳብ ማይክ ሰተን የተባለ እንግሊዛዊ በ1998 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ነው፤ ሌባውን ከማሳደድ ይልቅ የሚገዛው እንዲያጣ ማድረግ። በእንግሊዝና በዌልስ ከ2012 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ለቁርጥራጭ ብረት በጥሬ ገንዘብ መክፈል በሕግ ተከልክሏል፤ ክፍያው ዱካ እንዲኖረው። እዚህ ይህን እናድርግ ብንል ያስቃል። ሆኖም አሥራ አንድ አባላት ተስማምተው ካለፈው መስከረም ጀምሮ ብረታ ብረት ሲገዙ ቀኑን፣ ዓይነቱን፣ ኪሎውን፣ ዋጋውንና ያመጣውን ሰው ይጽፋሉ። ማንበብ የማይችሉት ልጆቻቸው ይጽፉላቸዋል። ወጣቶቹ ቁራሌዎች በቴሌብር ሲከፈላቸው ደግሞ ዱካው በራሱ ይቀራል።

ያለ ኪሳራ አልሆነም። ስሜን ለምን ትጽፊያለሽ ብለው ወደ ጎረቤት መደብ የሄዱ ቁራሌዎች አሉ። ሁለት አባላት ደንበኛ ስላጡ አቁመዋል፤ አንፈርድባቸውም። በሌላ በኩል በጥር ወር አንድ ሰው የጠፋበትን ዕቃ ይዞ ሲመጣ እናታችን ደብተሩን ገልጠው ቀኑንና ሻጩን አሳዩ፤ ዕቃው ለባለቤቱ ተመለሰ፣ እርሳቸውም በዚያው ቀን ከመደባቸው ሳይነሱ ሥራቸውን ቀጠሉ። አዎ፣ የአራቱ ሌሊት እናት ናቸው።

የሚያስፈራው ነገርም ይህ ደብተር ራሱ ነው። ለጥናት የተሰጠ ስም ነገ ለክስ ቢውልስ? ቁራሌዎቹ አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ልጆች ናቸው፤ እነርሱስ ማን አላቸው? ስለዚህ የሥራ አመራሩ ከልጅቷ ጋር ተነጋግሮ ይህን ተስማምቷል። ደብተሩን የምታየው ባለቤቷ በፈቀደች ጊዜ ብቻ ነው። የማንም ስም፣ የማንም መደብ ቁጥር በጽሑፏ አይገባም። ፎቶ አይነሣም። ጽሑፉን ለዩኒቨርሲቲው ከማስገባቷ በፊት በአማርኛ ታነብልናለች፤ ያልተስማማንበትም ነገር አለመስማማታችን ተጽፎ አብሮ ይገባል። ብድሩ ስጦታ አይደለም፤ ሥራ ከያዘች ከስድስት ወር በኋላ መክፈል ትጀምራለች፤ ዋሷ እናቷ ሳይሆኑ ሌሎች ሁለት አባላት ናቸው።

የእኛን የሒሳብ ክፍሉን አስተያየት የጠየቃችሁን አላችሁ። ገንዘቡ አለ፤ ቢሰጥ የሌላ አባል ብድር አይዘገይም። ከዚህ ያለፈውን እንደማንኛውም አባል በአንድ ድምፅ እንናገራለን። እናቲቱ ልጃቸው ስለሆነች በድምፁ አልካፈልም ብለው ከፀሐፊዋ ጎን ተቀምጠዋል፤ የራሳቸውን ደብተር ግን ከመቀነታቸው ፈተው ጠረጴዛው ላይ አኑረዋል። ማየት የምትፈልጉ ቀርባችሁ ተመልከቱ። ባቄላው ለይቀጥል፣ አተሩ ለይቁም ነው፤ እትዬ፣ ሳጥኑን ከዚያ ጀምረው ያዙሩልን።