የማይቆመው ሰዓት፦ የትራያትሎን የመሸጋገሪያ ስፍራ ሕግጋትና የ15 ሰከንዱ ቅጣት



ስለ ሩጫ ስንነጋገር ዓይናችን የሚያርፈው በመነሻውና በመጨረሻው መስመር ላይ ነው። ዛሬ የማነሣው ግን በውድድር መካከል ስላለች አንዲት ጠባብ ስፍራ ነው። ትራያትሎን ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በተከታታይ የሚካሄዱበት ስፖርት ሲሆን፣ ወደ ኦሊምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ነው። ተወዳዳሪው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገርበት የታጠረ ቦታ የመሸጋገሪያ ስፍራ ይባላል። በዚያ ጫማ ሲጠለቅም ሆነ ልብስ ሲወልቅ ሰዓቱ አይቆምም። ስፍራው “አራተኛው የትራያትሎን ዘርፍ” የተባለውም ስለዚሁ ነው።

ሕግጋቱ ጥቂትና ግልጽ ናቸው። አንደኛ፣ ብስክሌቱ ከመስቀያው ከመነሣቱ በፊት የራስ ቁር መደረግና ማሰሪያው መቆለፍ አለበት፤ የሚፈታውም ብስክሌቱ ወደ መስቀያው ከተመለሰ በኋላ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ በስፍራው ውስጥ ብስክሌት ይገፋል እንጂ አይነዳም። ሦስተኛ፣ ብስክሌት ላይ የሚወጣው ከተሰመረው መስመር በኋላ፣ ሲመለሱ የሚወረደውም ከመውረጃው መስመር በፊት ነው። አራተኛ፣ እያንዳንዱ ዕቃውን በተመደበለት ቦታ ያኖራል፤ የሌላውን አይነካም፣ መንገድም አይዘጋም።

ተማሪዎች “ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን?” ብለው ይጠይቁኛል። መልሱ ያለው በሰውነታችን ውስጥ ነው። ተወዳዳሪው በውኃ ላይ ተጋድሞ ሲቀዝፍ ቆይቶ በድንገት ቆሞ ይሮጣል፤ ልቡ በኃይል ይመታል፣ እግሩ ባዶና እርጥብ ነው፣ ዙሪያውን ደግሞ እንደ እርሱ የቸኮሉ ብዙዎች አሉ። ሰው ፍርዱ በሚደክምበት ሰዓት ምን ማድረግ እንዳለበት እንዲያስብ መተው አደገኛ ነው። ስለዚህ ሕጉ አስቀድሞ ያስብለታል።

አሁን ወደ አንድ እውነተኛ ታሪክ ልውሰዳችሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ በሃይድ ፓርክ፣ እንግሊዛዊው ጆናታን ብራውንሊ በገዛ አገሩ ሕዝብ ፊት ከዋናው ወጥቶ ብስክሌቱን እየገፋ ሲሮጥ፣ መስመሩን ሳያልፍ ወጣበት። ቅጣቱ 15 ሰከንድ ነበር። በሩጫው ወቅት ከቅጣቱ ስፍራ ገብቶ ሲቆም፣ ወንድሙ አሊስተርና ስፔናዊው ሃቪየር ጎሜዝ ወደ ፊት ይገሰግሱ ነበር። አሊስተር በ1 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ወርቁን ወሰደ፤ ጎሜዝ በ11 ሰከንድ፣ ጆናታን በ31 ሰከንድ ተከተሉት።

በሒሳብ ብቻ ከሄድን፣ በጆናታንና በጎሜዝ መካከል የነበረው ልዩነት 20 ሰከንድ ስለሆነ ቅጣቱ ባይኖርም ነሐሱ ነሐስ በሆነ ነበር። ነገር ግን እንደሚቆም እያወቀ የሚሮጥ ሰው እንደ ሌላው ይሮጣልን? ይህን ሰዓት ሊለካው አይችልም። በሌላ በኩል፣ በዚያው ስፍራ በተካሄደው የሴቶች ውድድር ኒኮላ ስፒሪግና ሊሳ ኖርዴን በእኩል ሰዓት ገብተው ወርቁና ብሩ የተለዩት በመጨረሻው መስመር ፎቶግራፍ ነበር። በእንዲህ ያለ ስፖርት ጥቂት እርምጃ ቀድሞ መውጣት ትንሽ ነገር ነው ማለት አይቻልም።

እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ዳኝነቱ ነው። ቅጣቱ አስቀድሞ የታወቀ፣ ከጥፋቱ ጋር የተመጣጠነ፣ በአደባባይ የተፈጸመ ነበር። ተወዳዳሪውን ከውድድር አላስወጣውም፤ ባለአገር ነውና ይለፈውም አላለም። ከእናንተ መካከል ነገ በመስመር ዳር የምትቆሙ ዳኞች ይወጣሉ። ፈተናችሁ ሕጉን ማወቅ አይሆንም፤ ሕዝቡ የሚወደው ልጅ መስመሩን ሲስት ማየታችሁን መመስከር ነው እንጂ። ዓይቶ እንዳላየ የሚያልፍ ዳኛ ለአንዱ ያዘነ ይመስለዋል፤ ነገር ግን መስመሩን ጠብቀው ያለፉትን ሁሉ በድሏል።