ድምፁ ስለ ጠፋ ላፕቶፕ

ለገጠር ትምህርት ቤቶች መምህራንና ተማሪዎች የተነገረ



የዕቃ ጥቅም በሚገባ የሚታወቀው አገልግሎቱን ባቋረጠ ጊዜ ነው። ላፕቶፑ በርቶ፥ ጽሑፉ እየታየ፥ ሥዕሉም እየተንቀሳቀሰ ድምፁ ብቻ የጠፋ እንደ ሆነ፥ የእንግሊዝኛ መምህር የቃሉን አነባበብ ለልጆች ሊያሰማ አይችልም፤ የሳይንስ መምህር የሚያሳየውም ፊልም ትርጓሜው የማይሰማ ሥዕል ብቻ ይሆንበታል።

ከሁሉ አብልጦ የሚጎዳው ግን ዓይነ ስውሩ ተማሪ ነው። ኦርካ የሚባለው ፕሮግራም በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ እየተከተለ ያነብለታል፤ ኢስፒክ ኤንጂ የሚባለው ደግሞ ጽሑፉን ወደ ድምፅ ይለውጥለታል፤ ከሚያነባቸውም ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ስለዚህ የድምፅ መጥፋት ለሌላው ልጅ የአንድ ሰዓት ትምህርት መጓደል ሲሆን፥ ለዚህ ተማሪ ግን መጽሐፉ ሁሉ እንደ ተዘጋበት ያህል ነው። ጥፋቱንም ራሱ ፈልጎ እንዳያገኝ የሚመራው ድምፅ ጠፍቶበታል። እንግዲህ የጠፋውን ድምፅ የመፈለግን ሥርዓት ማወቅ ለመምህሩም፥ ዐይኑ ለሚያይለት ባልንጀራውም የተገባ ነው።

ድምፅ በጠፋ ጊዜ ሁለት ዓይነት ስሕተት ሲሠራ ይታያል። አንደኛው፥ ላፕቶፑ ሞቷል ብሎ በዕቃ ቤት መቈለፍ ነው። ሁለተኛው፥ በውስጡ ያለውን ሁሉ ደምስሶ እንደ አዲስ መጫን ነው፤ በዚህም ጊዜ የተማሪዎቹ ጽሑፍና የመምህሩ ሰነድ አብሮ ይጠፋል። ዳሩ ግን ድምፅ የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ በትንሽ ምክንያት ስለ ሆነ፥ በሥርዓት የሚፈልግ ሰው ምክንያቱን በጥቂት ደቂቃ ሊያገኘው ይችላል።

ስለ ሊኑክስ

የኮምፒውተርን ሥራ ሁሉ የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይባላል። ከእነዚህም አንዱ ሊኑክስ ነው። ከርነል የሚባለውን የሊኑክስን እምብርት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1991 የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ከዚያም አስቀድሞ በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል አሜሪካዊ፥ ሰው ሁሉ ሊያነበው፥ ሊያርመውና ለሌላው ሊያካፍለው የሚችል ሥርዓት እንደሚሠራ አስታውቆ ነበር። በብዙ ስፍራ የሚታወቀው ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት በ2004 ወጣ፤ ስሙም ከደቡባዊ አፍሪካ ቋንቋዎች የተወሰደ ሲሆን፥ ለሌሎች ሰብአዊ መሆን ማለት ነው።

የሊኑክስ ምንጩ ክፍት ነው ሲባል፥ ፕሮግራሙ የተጻፈበት ሐተታ ለማንም የተገለጠ ነው ማለት ነው። ዋጋ ከፍሎ የገዛ ብቻ እንዲያውቀው ተብሎ የተሰወረ ነገር የለበትም፤ ስለዚህ የገጠር መምህርም ቢሆን መርምሮ እንዳይረዳው የሚከለክለው የለም።

ድምፅ ስለሚሄድበት መንገድ

ውሃ ከወንዝ ተጠልፎ በቦይ ወደ አትክልት ቦታ ይሄዳል። ውሃው ከመደቡ ያልደረሰለት ገበሬ ወንዙ ደርቋል ብሎ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ የተደፈነውን ስፍራ እስኪያገኝ ድረስ ቦዩን ተከትሎ ይሄዳል እንጂ። በላፕቶፕም ውስጥ ድምፅ እንዲሁ ያለ መንገድ አለው፤ መንገዱም አራት ክፍል ነው።

የመጀመሪያው፥ ዘፈኑን ወይም ፊልሙን የሚያጫውተው ፕሮግራም ነው። ሁለተኛው፥ ከልዩ ልዩ ፕሮግራሞች የሚመጣውን ድምፅ ተቀብሎ ወደ ተመረጠው መውጫ የሚልክ አስተናባሪ ነው። ይህን ሥራ በ2004 የተጀመረው ፐልስኦዲዮ ለብዙ ዓመታት ሲሠራው ቆይቶ፥ ፓይፕዋየር የሚባለው ተተክቶበታል፤ ኡቡንቱም ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ በፓይፕዋየር ይጠቀማል። ሦስተኛው፥ በከርነሉ ውስጥ ያለው አልሳ ነው። አልሳን በ1998 የጀመረው ያሮስላቭ ኪሴላ የሚባል የቼክ አገር ሰው ሲሆን፥ ዕቃውን የሚያዙት ድራይቨሮች የሚገኙት በዚህ ክፍል ነው። አራተኛው፥ ዕቃው ራሱ ነው፤ ይኸውም ቁጥርን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚለውጠው ቺፕ፥ ሞገዱን የሚያበረታው ማጉያና ድምፁን ወደ አየር የሚያወጣው ስፒከር ነው።

ከእነዚህ ከአራቱ በአንዱ መንገዱ የተዘጋ እንደ ሆነ፥ ሦስቱ ደኅና ቢሆኑም ድምፅ አይሰማም። ስለዚህ ምርመራው ከቅርቡ ጀምሮ ወደ ሩቁ፥ ከቀላሉም ጀምሮ ወደ ከባዱ ይሄዳል።

ስለ ምርመራው ተራ

1ኛ፤ በዐይን የሚታየው ሁሉ አስቀድሞ ይታይ። በስክሪኑ ጥግ ያለው የስፒከር ምልክት መስመር የተሰረዘበት መሆኑን፥ የድምፁም መጠን እስከ ታች ወርዶ እንደ ሆነ መርማሪው ይመልከት። በኪቦርዱ ላይ ድምፅ የሚዘጋ ቁልፍ ስላለ፥ ልጅ ሳያስበው ነክቶት ሊሆን ይችላል። የሚያጫውተው ፕሮግራም ደግሞ ለብቻው የራሱ የድምፅ መጠን አለው። ከዚህም በኋላ ሌላ ፊልም ወይም ሌላ ዘፈን ይሞከር፤ ሁለተኛው ከተሰማ ጥፋቱ ከፊተኛው ፋይል ነውና ምርመራው በዚሁ ያበቃል።

2ኛ፤ የጆሮ ማዳመጫ ይሰካ። በማዳመጫው ድምፅ ከተሰማ፥ መንገዱ እስከ ቺፑ ድረስ ደኅና መሆኑ ታወቀ፤ የቀረው የስፒከሩ ነገር ብቻ ነው። አንዳንድ ጊዜም በማዳመጫው ቀዳዳ ውስጥ አቧራ ገብቶ ላፕቶፑን ያሳስተዋል፤ ማዳመጫ ሳይሰካበት የተሰካ መስሎት ስፒከሩን ይዘጋል። እንዲህ በሆነ ጊዜ ማዳመጫውን ደጋግሞ በቀስታ መሰካትና መንቀል፥ አቧራውንም በደረቅ ነገር ማራገፍ ይጠቅማል፤ ውሃ ወይም ምራቅ ግን ከቶ አይግባበት።

3ኛ፤ ድምፁ ወደ የት እየተላከ እንደ ሆነ ይመርመር። ለምሳሌ፦ ትናንት በኤችዲኤምአይ ገመድ ከፕሮጀክተር ወይም ከቴሌቪዥን ጋር ተያይዞ የነበረ ላፕቶፕ ዛሬ ዝም ቢል፥ ድምፁ እስካሁን ወደዚያው መውጫ ተመርጦ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ወይም በብሉቱዝ የተያያዘ ማዳመጫ በሌላ ክፍል በርቶ ድምፁን ወደ ራሱ ይስበዋል። መድኀኒቱም ሴቲንግ የሚለውን ከፍቶ፥ ሳውንድ ወደሚለው ገብቶ፥ መውጫ ከሚለው ስፍራ የላፕቶፑን የራሱን ስፒከር መምረጥ ነው። በዚያው ስፍራ መሞከሪያ ቁልፍ አለ፤ እርሱን ሲነኩት የግራውና የቀኙ ስፒከር በየተራ ይናገራል።

4ኛ፤ በመውጫው ዝርዝር ውስጥ ዳሚ አውትፑት የሚል ብቻ የተገኘ እንደ ሆነ፥ ትርጓሜው የይስሙላ መውጫ ማለት ነው፤ አስተናባሪው አንድም እውነተኛ ዕቃ አላገኘም። በዚህ ጊዜ ላፕቶፑ ፈጽሞ ይጥፋ፤ ጥቂት ቆይቶም ይብራ። አስተናባሪው ብቻ ተሳስቶ ከነበረ ይህ ይበቃዋል።

5ኛ፤ ዕቃው በዝርዝሩ እያለ ድምፅ ከሌለ፥ የአልሳ መቈጣጠሪያ ይከፈት። ተርሚናል በሚባለው የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት ውስጥ አልሳሚክሰር የሚለው ስም በላቲን ትናንሽ ፊደል ሳይነጣጠል ይጻፋል። ወዲያውም እንደ ምሰሶ የቆሙ መለኪያዎች ይታያሉ። ኤፍ 6 የሚባለው ቁልፍ ሲነካ የድምፅ ካርዶቹ ዝርዝር ስለሚመጣ፥ ኤችዲኤምአይ ያልሆነው ይመረጥ። ከምሰሶው በታች ሁለት ኤም ፊደላት ከታዩ ያ በር ተዘግቷል ማለት ነው፤ ሁለት ኦ ከታዩ ግን ክፍት ነው። በቀኝና በግራ ቀስት ከምሰሶ ወደ ምሰሶ ይኬዳል፤ በኤም ቁልፍ ይከፈታል፤ በላይ ቀስት መጠኑ ከፍ ይላል። ማስተር፥ ስፒከርና ሄድፎን የሚባሉት ሦስቱ በተለይ ይታዩ። ይህን ስፍራ ማስተዋል የሚገባበት ምክንያት፥ በጥጉ ያለው ምልክት ድምፁ ክፍት ነው እያለ ከታች ያለው በር ተዘግቶ ሊገኝ ስለሚችል ነው።

6ኛ፤ ጥፋቱ ከስልጣን ገደብ ወይም ከአንድ ተጠቃሚ ምርጫ የመጣ እንደ ሆነ ለማወቅ፥ በዚያው ላፕቶፕ ላይ ሌላ ተጠቃሚ ይፈጠርና በእርሱ ስም ይሞከር። በአዲሱ ስም ድምፅ ከተሰማ፥ ዕቃውም ድራይቨሩም ደኅና ናቸው፤ የተበላሸው የፊተኛው ተጠቃሚ ምርጫ ነው።

7ኛ፤ ድምፁ የጠፋው ሲስተሙ ከታደሰ በኋላ ከሆነ፥ ያለፈው ከርነል ይሞከር። ኡቡንቱ አዲስ ከርነል ሲጭን የፊተኛውን ወዲያው አይጥለውም። ላፕቶፑ ሲነሣ በሚታየው ዝርዝር ውስጥ አድቫንስድ ኦፕሽንስ የሚለው ተመርጦ የቀድሞው ከርነል ይገኛል። በእርሱ ድምፅ ከተሰማ ምክንያቱ ታወቀ፤ እርማቱ በሌላ ዕድሳት እስኪመጣ ድረስ በቀድሞው መሥራት ይቻላል።

8ኛ፤ አዳዲስ የኢንቴል ላፕቶፖች ከድራይቨሩ በቀር ፈርምዌር የሚባል፥ በድምፁ ቺፕ ውስጥ የሚገባ ልዩ ጽሑፍ ይፈልጋሉ። ስሙም ሳውንድ ኦፐን ፈርምዌር ሲሆን ሥራው ለሕዝብ የተገለጠው በ2018 ነው። ይህ ጽሑፍ የጎደለው ላፕቶፕ ዕቃው ደኅና ሆኖ ሳለ የይስሙላ መውጫ ብቻ ያሳያል። ደቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት እንዲህ ያሉትን ፈርምዌሮች ከመጫኛው ጋር አብሮ መስጠት የጀመረው በ2023 በወጣው በ12ኛው እትሙ ነው፤ ከዚያ በፊት ባለው እትም የሚሠራ ሰው ለብቻው አስመጥቶ መጫን ያስፈልገዋል። ኢንተርኔት በሌለበት መንደር መምህሩ የላፕቶፑን ዓይነትና የሲስተሙን እትም ቍጥር በወረቀት ይዞ ወደ ከተማ ቢወርድ፥ የሚያስፈልገውን በፍላሽ ዲስክ ሊያመጣ ይችላል።

9ኛ፤ ይህ ሁሉ ካልረዳ፥ ኡቡንቱ በፍላሽ ዲስክ ተዘጋጅቶ ሳይጫን ይሞከር። በሚነሣበት ጊዜ መሞከር የሚለው ይመረጥ፤ መጫን የሚለው ግን አይነካ፤ እርሱ የቀድሞውን ጽሑፍ ሊያጠፋ ይችላልና። በዚህ ሙከራ ድምፅ ከተሰማ ዕቃው ደኅና ነው። ካልተሰማ ግን ወይ ስፒከሩ ወይም ቺፑ ተበላሽቷል፥ ወይም ለዚያ ዕቃ የሚስማማ ድራይቨር በዚያ እትም ውስጥ የለም። እዚህም ሲደረስ ላፕቶፑ የሚጣል አይደለም፤ በዩኤስቢ ቀዳዳ የሚሰካ አነስተኛ የድምፅ ካርድ ወይም የዩኤስቢ ማዳመጫ የራሱ ቺፕ ስላለው የተበላሸውን ተክቶ ይሠራል።

ስለ መርማሪው ጠባይ

መርማሪ የሆነ ሰው ሦስት ነገር ይጠብቅ። መጀመሪያ፥ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጥ፤ ከለወጠም በኋላ ይሞክር። አምስት ነገር በአንድነት የለወጠ ሰው ድምፁ ቢመለስለት እንኳ በየትኛው እንደ ተመለሰ አያውቅም፤ ነገም ሲጠፋበት እንደ ገና ከመጀመሪያው ይደክማል። ሁለተኛ፥ ያልረዳውን ለውጥ ወደ ነበረበት ይመልስ። ሦስተኛ፥ ትርጓሜውን የማያውቀውን ትእዛዝ በአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል አይፈጽም፤ ይህ ቃል ለመጠገን እንደሚያበቃ ሁሉ ለማጥፋትም ያበቃልና።

ከዚህም ጋር በየትምህርት ቤቱ ለላፕቶፖቹ አንድ መዝገብ ቢኖር መልካም ነው። በመዝገቡም ቀኑ፥ የታየው ጥፋት፥ የተሞከረው ነገርና ያዳነው መድኀኒት በአጭሩ ይጻፍ። መምህር ከስፍራ ወደ ስፍራ ይዛወራል፤ ተማሪም ጨርሶ ይሄዳል፤ መዝገቡ ግን ለሚተካው ሰው ያለፈውን ድካም ያተርፍለታል። በአካባቢው ያለ ሌላ ትምህርት ቤት ተመሳሳይ ላፕቶፕ ካለው፥ መዝገቡን ገልብጦ ማካፈል ምንጩ ክፍት የሆነውን ነገር የመሠረቱት ሰዎች ያሰቡትን በገጠር መፈጸም ነው።

ዓይነ ስውር ተማሪ ባለበት ክፍል ደግሞ ይህ ምርመራ እስከ ዕረፍት ሰዓት አይቈይ። አንድ ባልንጀራ እስከ 3ኛው ያለውን በቃሉ ይወቀው፤ ድምፁ ሲመለስም ኦርካ መነሣቱን አብሮ ይመልከት። ኦርካ ካልተነሣ በኡቡንቱ ላይ የመስኮት ሥዕል ያለበት ቁልፍ፥ አልትና ኤስ በአንድነት ሲጫኑ ይነሣል። ዐይን ላለው ልጅ ይህ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ለባልንጀራው ግን የዚያን ቀን ትምህርት ይመልስለታል።