ስለሚስትና ስለሚተኩስ ሞተር
(በድሬዳዋ ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ነው። ስለ ፍልስፍና ወይም ስለ ሥነ ጽሑፍ ለመስማት የመጣችሁ ብትኖሩ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ነገር ግን በዚህች ከተማ አድጎ የፔዦ 404ን ድምፅ የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝምና ነገሩ ለማናችንም እንግዳ አይሆንም።

ፔዦ 404 በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ከፋብሪካ መውጣት የጀመረች መኪና ናት። በሐረርና በድሬዳዋ ለብዙ ዘመን ታክሲ ሆና ስላገለገለች እኛ የምናውቃት እንደ አሮጊት ነው። በወጣትነቷ ግን የእሽቅድምድም መኪና ነበረች። ያንን ጭቃና አቧራ የበዛበትን የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር በ1963፣ በ1966፣ በ1967ና በ1968 በአንደኝነት የጨረሰችው እርስዋ ናት። ስለዚህ «የስፖርት መኪና ሞተር ሲስትና ሲተኩስ» ብዬ ስናገር በፊልም የምናየውን የሀብታም መጫወቻ ማለቴ አይደለም፤ ደንገጎን ወጥታ ሐረር የምታደርሰንን ነው።

ሞተርዋ 1,618 ሴንቲሜትር ኩብ የሚይዝ ባለ አራት ሲሊንደር ነው። እሳት የሚነሣው በ1፣ በ3፣ በ4፣ በ2 ተራ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በደቂቃ 6,000፣ ማለት በሰከንድ 100 ጊዜ እሳት መነሣት አለበት። ከእነዚህ አንዱ ሲቀር መካኒኮቻችን «ሚስ አደረገ» ይላሉ። የቀረው ቤንዚን ሌላ ቦታ ሄዶ ሲነድ ደግሞ «ተኮሰ» ይባላል። መሳትና መተኮስ እንግዲህ እናትና ልጅ ናቸው።

ዋናው ጥያቄ የተኮሰው ከወዴት ነው የሚለው ነው። በእኔ አስተያየት ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ ስለሚታለፍ ነው። ሞተር በሁለት አፍ ይተኩሳል፤ ከላይ በካርቡራቶሩ በኩል፣ ከኋላ በማርሚታው በኩል። ከላይ ሲሆን ድምፁ እንደ ሳል ወይም እንደ ማስነጠስ ያለ ነው። ይህም አብዛኛውን ጊዜ ቤንዚን ማነሱን ያመለክታል። ቤንዚን ሲያንስና አየር ሲበዛ እሳቱ ቀስ ብሎ ይነድዳል፤ ቀስ ብሎም ስለሚነድድ የሚቀጥለው የመሳቢያ ቫልቮላ ሲከፈት ገና አልጠፋም፤ ስለዚህ ነበልባሉ ወደ ኋላ ተመልሶ በመጣበት መንገድ ይወጣል። ያልዘጋ ወይም የተቃጠለ ቫልቮላም እንዲሁ ያደርጋል፤ ነገር ግን የእርሱ ሳል የአንድ ሲሊንደር ስለሆነ እንደ ከበሮ ምት ተራውን ጠብቆ ይመጣል። በማርሚታው በኩል ሲሆን ግን ሳይነድድ ያለፈ ቤንዚን በጋለው ቧንቧ ውስጥ አየር አግኝቶ መፈንዳቱ ነው። ይህ ቤንዚን ሲበዛ፣ ካንዴላ ሲሞት ወይም እሳቱ ከሰዓቱ ዘግይቶ ሲነሣ ይሆናል። የሁለት ካንዴላዎች ገመድ ተለዋውጦ የተሰካ እንደ ሆነ ደግሞ በሁለቱም አፍ ይተኩሳል፤ ሰፈሩም ይሰማል።

አሁን ወደ ድሬዳዋ ልምጣ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ ሐረር 1,850 ሜትር ገደማ ናት። በመካከሉ ያለው መንገድ 50 ኪሎሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ የደንገጎን ጠመዝማዛ የወጣ ሰው ግን ርዝመቱን በኪሎሜትር አይለካውም። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር አየር ይሳሳል። ካርቡራቶር አየር መሳሳቱን የሚያውቅበት ዘዴ ስለሌለው ቤንዚኑን እንደ ለመደው ያፈሳል፤ ስለዚህ ድብልቁ ቤንዚን እየበዛበት ይሄዳል። መጽሐፉ የሚለው ይህን ነው፤ እውነትም ነው።

አንድ ባለታክሲ ግን የዚህችው ዓይነት መኪና ነበረቻቸው። ከተማ ውስጥ እንደ ሰዓት ትሠራለች። ዳገቱን ጀምራ ጥቂት እንደ ሄደች መሳትና መተኮስ ትጀምራለች፤ ጥግ ይዘው ግማሽ ሰዓት ካቆሟት በኋላ ደግሞ ምንም እንዳልነበረባት ትነሣለች። መንገደኞቹ ወርደው በሌላ መኪና ይሄዳሉ፤ የእሳቸውም የቀን ገቢ አብሮ ይሄዳል። አንድ ጋራዥ መጀመሪያ አራቱን ካንዴላ ቀየረላቸው፤ ቀጥሎ ቦቢናውን፤ ቀጥሎም ካርቡራቶሩ መለወጥ አለበት አላቸው። ለእንዲህ ያለ የዕድሜ ባለጠጋ መኪና ዕቃ ፈልጎ ማግኘት ምን ያህል እንደሚያደክም የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰውየው ለካርቡራቶሩ ገንዘብ ሊበደሩ ተነሥተው ሳለ ነው መኪናዋን ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ የወሰዷት፤ እኔና ሁለት ጓደኞቼም በዚያ ነበርን።

ሽማግሌው መፍቻ አላነሡም። «ስትተኩስ ከየት ነው የምትሰማው?» ብለው ባለታክሲውን ጠየቁ። «ከፊቴ፣ ከኮፈኑ ሥር» አሉ። ከመካከላችን አንዱ፣ በትምህርቱ ጎበዝ የሆነው፣ «ጋሼ፤ ከፍታው ነው፤ ቤንዚን በዝቶባት ነው» አላቸው። ሳቅ አሉና «የምትለው ልክ ነው ልጄ፤ ግን በዝቶባት ቢሆን በኋላዋ በተኮሰች፤ ይህቺ በፊቷ ነው የምታስለው» ብለው መለሱለት።

ካንዴላዎቹን አውጥተው መልካቸውን አዩ። ጥቁር ጥላሸት የያዘ ካንዴላ ቤንዚን መብዛቱን ይናገራል፤ በዘይት የራሰ ፒስቶኑ ዘይት ማሳለፉን ይናገራል፤ ቀለል ያለ ቡናማ ጤና ነው። እነዚህ አራቱም ነጣ ያሉ ነበሩ። ይህ ሁለተኛው ምስክር ነው። ሦስተኛውን ለማግኘት ሁላችንን አሳፍረው ወደ ዳገቱ ሄድን። መኪናዋ ማሳል ስትጀምር የካርቡራቶሩን የአየር መዝጊያ ከውስጥ ጥቂት ሳቡት። ሳሉ ወዲያው ቀለለ፤ ሲለቁት ተመለሰ። ቤንዚን የበዛበት ሞተር አየር ሲከለከል ይታነቅ ነበር እንጂ አይሻለውም። ክርክሩ በዚያ አበቃ።

የቀረው ቤንዚኑ የት እንደ ቀረ መፈለግ ነበር። ከፖምፓው የሚወጣውን ቱቦ ነቅለው በጠርሙስ ሲቀበሉት ብዙ አረፋ የበዛበት ትንሽ ቤንዚን መጣ። ከዚያ በጨርቅ ውሃ ነክረው የቤንዚኑን ቱቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስንዝር በስንዝር አቀዘቀዙት። አንድ ቦታ ላይ ጨርቁ ጢስ አወጣ። የቀድሞው የብረት ቱቦ ተሰብሮ ኖሮ አንድ ሰው በጎማ ቱቦ ተክቶታል፤ ጎማውም ላልቶ የጋለው የጭስ ማውጫ ቧንቧ ላይ ሊደገፍ ምንም አልቀረውም። በድሬዳዋ ሙቀት ላይ የዳገት ሙቀት ሲጨመር ቤንዚኑ በቱቦው ውስጥ ይፈላል፤ ፖምፓውም ቤንዚን ሳይሆን እንፋሎት ይስባል። መኪናዋ ስትቆም ቀዝቅዞ ይመለሳል። ቱቦውን ከጋለው ቦታ አርቀው በማሰሪያ ያዙት። ካንዴላው፣ ቦቢናውና ሊገዛ የነበረው ካርቡራቶር ከዚህ ነገር ምንም ዝምድና አልነበራቸውም። በዚያ ላይ የላላ የቤንዚን ጎማ በጋለ ብረት አጠገብ፣ ነበልባል የሚተፋ ካርቡራቶር ከበላዩ ሆኖ፣ መንገደኛ ጭኖ ሲወጣ ሲወርድ መሰንበቱን ሳስበው ገንዘቡ ትንሹ ነገር ነበር እላለሁ።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህ ሁሉ ያለፈበት ነው፤ ዛሬ ኮምፒዩተር ይነግረናል ይሉኛል። እውነት ነው፤ ከ1990ዎቹ ዓመታት ወዲህ የተሠሩ ብዙ መኪናዎች ሲሊንደር ሲስት ከክራንኩ አዟዟር ያውቃሉ፤ ፒ 0301 የሚለው ኮድ አንደኛው ሲሊንደር ስቷል ማለት ነው። ለምን እንደ ሳተ ግን ኮዱ አይናገርም። ኮዱን አንብቦ ካንዴላ የሚቀይር ሰው ከዚያ ጋራዥ በምን ይለያል?

ከኤሌክትሮኒክ በፊት በነበሩት መኪናዎች የሞተውን ሲሊንደር ለማግኘት የካንዴላውን ገመድ አንድ በአንድ፣ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ጉጠት መንቀል ይበቃል፤ ሲነቀል የሞተሩ ድምፅ የማይለወጥበት እርሱ ሙቱ ነው። በአዲሶቹ ላይ ይህን አታድርጉ፤ ኤሌክትሮኒኩን ታቃጥላላችሁ። ሽማግሌው የፑንቲናውን ክፍተት፣ 0.4 ሚሊሜትር የሚሆነውን፣ መለኪያ ሳያገቡ በዐይናቸው ያውቁታል። ቢሆንም ከገመቱ በኋላ መለኪያውን ያገቡ ነበርና ይህንን ወድጄላቸዋለሁ። ኢንጂነሪንግ እየተማርን ስንት ሞተር ሥለናል? ስንቱንስ ሰምተናል? ለመምህራኖቻችን የማቀርበው ልመና፣ ከሳምንቱ የላቦራቶሪ ሰዓት አንዱ በከተማው ጋራዦች ቢሆን የሚል ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው መንግሥት የሚገዛው ማሽን ሳይሆን ፈቃድና የሥራ ልብስ ብቻ ነው።

የባለታክሲውን ነገር ልጨርስ። ወደ ሐረር ያለ ሳል ወጡ። ሲመለሱ፣ ቁልቁለቱን እግራቸውን ከቤንዚን አንሥተው ሲወርዱ፣ መኪናዋ ሁለት ጊዜ ተኮሰች፤ ነገር ግን በዚህ ጊዜ ከኋላ ነበር። ወደ ሽማግሌው ተመልሰው መጡ። እሳቸውም ጎንበስ ብለው የጭስ ማውጫውን መጋጠሚያ አዩና ጓርኒሲዮኑ ተበልቶ አየር እንደሚያስገባ አሳዩን። ሞተሩ በቁልቁለት በደንብ ሳያነድድ የሚያሳልፈው ቤንዚን እዚያ አየር አግኝቶ ይፈነዳል። «ይህኛው ሌላ ነው፤ ጓርኒሲዮን እስኪገኝ ትተኩስ፤ ዳገቱን ግን ትወጣለች» አሏቸው። ባለታክሲውም ሒሳቡን ከፍለው ተራቸውን ሊይዙ ሄዱ።