በሚቀጥለው ሳምንት የአንደኛ ክፍል ልጆቻችን ስለሚማሩት ትምህርት

(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረገው ንግግር። ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በሰሌዳ ተለጥፏል።)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፤

የመዋጮውንና የፍሳሹን ጉዳይ ተነጋግረን ጨርሰናል። ከመለያየታችን በፊት ግን አንድ ጉዳይ አለኝ፤ ብዙ አላቆያችሁም። ባለፈው ዓርብ ወደ ሰፈራችን ትምህርት ቤት ሄጄ የአንደኛ ክፍል መምህርቷን፣ «ልጆቹ በሚቀጥለው ሳምንት ምንድን ነው የሚማሩት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም የሳምንቱን ዕቅድ ገልጠው አስረዱኝ።

ሰኞና ማክሰኞ የሚማሩት የ«በ»ን እና የ«ተ»ን ፊደላት ከነዘራቸው ነው። ልጆቹን የሚያስቸግራቸው «ባ» እና «ቦ» ነው አሉ። «ባ» ቀኝ እግሩ ይረዝማል፤ «ቦ» ደግሞ ግራው። «ቤ» ቀኝ እግሩ ላይ ቀለበት አላት። ከዚያ «ቤ»ን እና «ት»ን አጋጥመው «ቤት» ብለው ያነባሉ። ከዚህም ሌላ መምህርቷ አንድ ነገር አጥብቀው ነገሩኝ። ልጁ «በ ቡ ቢ ባ» እያለ እንደ ዜማ ይወርደዋል፤ እኛም አወቀ ብለን ደስ ይለናል። መሐል ላይ ጣት አስቀምጣችሁ «ይኸስ?» ብትሉት ግን ከመጀመሪያው ተነሥቶ ካልቆጠረ አያገኘውም። ይኸ ልጅ ፊደሉን ገና አልለየውም ማለት ነው።

ረቡዕና ሐሙስ ደግሞ ከ11 እስከ 20 ያሉትን ቁጥሮች ይማራሉ። ብዙ ልጅ «አሥራ ሦስት ጻፍ» ሲባል 103 ይጽፋል። ሞኝ ሆኖ አይደለም፤ አሥርን ሰማ፣ 10 ጻፈ፤ ሦስትን ሰማ፣ 3 ጨመረ። መፍትሔው ቆርኪ ነው። አሥሩን ቆርኪ አንድ ስኒ ውስጥ ይከታል፤ ሦስቱን ከጎኑ ያስቀምጣል። ያን ጊዜ በ13 ላይ ያለችው 1 «አንድ አሥር» እንደሆነች በዓይኑ ያያል።

ዓርብ የአካባቢ ሳይንስ ነው። ልጁ ሙሉ ስሙን እስከ አያቱ፣ ወረዳውንና የቤት ቁጥሩን እንዲናገር ይጠየቃል። ይኸ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። አምና በበዓል ገበያ አንድ የሰፈራችን ልጅ ጠፍቶ ከቀትር እስከ ማታ ስንፈልግ እንደዋልን ታስታውሳላችሁ። ያገኙት ሰዎች «የአባትህ ስም ማነው?» ሲሉት «አባዬ» ነው ያለው። «ቤታችሁስ?» ሲሉት «እዚያ ጋ» አላቸው። ታዲያ ልጁ ምን አጠፋ? ያላስተማርነው እኛ አይደለንም እንዴ?

እንግዲህ አንዲት እናት ትናንት፣ «እኔ ያልተማርኩት ምን ልረዳው?» አሉኝ። ይኸ ነገር እኔንም ይነካኛል። እኔ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልሄድኩም። ትልቋ ልጄ ትንሽ ሳለች ደብተሯን ይዛ ስትመጣ «ሂጂ፣ መምህርሽን ጠይቂ» እላት ነበር። ደክሞኝ ነው እል ነበር፤ እውነቱን ብናገር ግን ባላውቀውስ ብዬ ፈርቼ ነው። ውሎ አድሮ መጠየቁን ተወችው። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኸ ነው። እናቴ ግን ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ማታ ማታ በቀበሌ አዳራሽ ነው። እኔ አንደኛ ክፍል ስገባ ከእኔ ብዙም አትበልጥም ነበር፤ ሆኖም በየማታው «ዛሬ የተማርከውን አሳየኝ» ትለኝ ነበር። እሷን ለማሳየት ስል ነው ያወቅኩት።

ስለዚህ ለእኚያ እናት የመለስኩትን ለሁላችንም እደግመዋለሁ። ደብተሩን ግለጡት፤ ያገኛችሁት ፊደል ላይ ጣታችሁን አስቀምጡና «ይኸ ማነው?» በሉት። ወዲያው ከመለሰ ጥሩ። ከ«በ» ጀምሮ መዝፈን ከጀመረ ግን ገና ነው፤ ይኸን ለመለየት ጆሮ ብቻ ይበቃል። ሲሳሳት አትቆጡት፤ የተቆጡት ልጅ ደብተሩን ይደብቃል።

በመሆኑም የሚከተሉትን አደራ እላለሁ።

1ኛ. የአንደኛ ክፍል ልጅ ያለው ሁሉ እስከ ማክሰኞ ማታ 20 ቆርኪ አጥቦ በላስቲክ ያዘጋጅለት። ኪዮስክና ቡና ቤት ያላችሁ አባላት ቆርኪ እንዳትጥሉ፤ ለሌለው እናካፍላለን።

2ኛ. በየማታው ሩብ ሰዓት ቴሌቪዥኑም ስልኩም ይዘጋ፤ ልጁ የተማረውን ያሳይ።

3ኛ. ከዓርብ በፊት ልጁን በር ላይ አቁማችሁ የቤት ቁጥራችሁን አሳዩት። ሰኞና ማክሰኞ «ቤት»ን ካነበበ፣ ረቡዕና ሐሙስ ቁጥሩን ከለየ፣ ዓርብ የገዛ ቤቱን በር ማንበብ ይጀምራል። የቤት ቁጥሩ ከ20 በላይ ቢሆን እንኳ በቃሉ ይያዘው። ቁጥሩ የተፋቀበት በር ካለ ለእኔ ይነገረኝ፤ ቀለም አለ፤ መጥቼ አድሰዋለሁ።



የማኅበሩ ጸሐፊ