ከአንድ ትሪ በልተን

(በሬዲዮ ፕሮግራም ላይ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም።



ዛሬ በእንግድነት የቀረብነው ሁለት እህትማማቾች ነን። የምንናገረው ስለ ውፍረት ነው፤ በተለይም ከልጅነት ጀምሮ ተከትሎን ስለመጣ፣ ጾምም ሆነ ስፖርት አልረታው ስላለና በመጨረሻ ወደ ጨጓራ ቀዶ ሕክምና ስለወሰደን ውፍረት። ስማችንን አንጠቅስም፤ ታላቋና ታናሿ እያልን እንናገራለን። ዓመታትንም ስለ ደሴ ካወራንበት በቀር የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ያደግነው ደሴ ከተማ ነው። እናታችን አምስት ልጆቿን የምታበላው በአንድ ትሪ ነበር። እንጀራው አንድ፣ ወጡ አንድ፣ ሰዓቱም አንድ። ሦስቱ ወንድሞቻችን ቀጭን ሆነው አደጉ። እኛ ሁለታችን ግን ፊደል ቆጥረን ሳንጨርስ ወፍራም ነበርን። ያኔ ውፍረት እንደ ነውር አይታይም። ጎረቤት ጉንጫችንን ቆንጠጥ እያደረገ «ማሻአላህ፣ የተመቻቸው ልጆች!» ይል ነበር። እናታችንም ይህን ስትሰማ ደስ ይላታል። በ1977 ዓ.ም. ወሎ ላይ የደረሰውን ረሃብ በዓይኗ ያየች እናት፣ ከዚያ ማግስት የወለደቻቸው ልጆች ጉንጫቸው ሲሞላ ደስ ቢላት ማን ይፈርድባታል?

ትምህርት ቤት ስንገባ ስማችን «ዱባ» ሆነ። ለአቅመ ሔዋን ስንደርስ ደግሞ ያው ጎረቤት «እህህ፣ እነዚህን ልጆች ማን ያገባቸዋል?» ማለት ጀመረ። ከምስጋና ወደ ወቀሳ የተሸጋገርነው ምንም ሳንለውጥ ነው፤ ያው ትሪ፣ ያው ወጥ ነበር።

ያን ትሪ ደጋግመን የምናነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1986 የታተመ አንድ የዴንማርክ ጥናት በጉዲፈቻ ያደጉ 540 ሰዎችን ተመልክቶ ነበር። የሰዎቹ ክብደት የሚቀራረበው ከወለዷቸው ወላጆች ጋር እንጂ ካሳደጓቸው ጋር እንዳልሆነ አሳየ። በ1994 ደግሞ ሌፕቲን የሚባለው፣ ከስብ ሕዋሳት ወጥቶ ስለ ሰውነት የስብ ክምችት ለአእምሮ የሚናገረው ሆርሞን ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የተማርነው ረሃብና ጥጋብ በፈቃድ ብቻ የሚታዘዙ አለመሆናቸውን ነው። ሰው በአመጋገብ ብዙ ኪሎ ሲቀንስ ሰውነቱ ረሃብ የሚቀሰቅሰውን ሆርሞን ከፍ ያደርጋል፣ የሚያቃጥለውንም ኃይል ይቆጥባል፤ የጠፋበትን መልሶ ለማግኘት ይታገላል። ይህ ማለት ግን የምንበላው ነገር ለውጥ አያመጣም ማለት አይደለም። ለስላሳ መጠጡ፣ ጥብሱ፣ ቀኑን ሙሉ መቀመጡ፣ ሁሉም ይጨምራል። ነገር ግን በአንድ ቤት፣ በአንድ ምግብ አንዱ ወፍሮ ሌላው የማይወፍርበት ምክንያት ሆዳምነት ብቻ አይደለም። በ2022 በዓለም ላይ ከስምንት ሰዎች አንዱ በዚህ ችግር ውስጥ እንደነበረ የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል፤ ቁጥሩ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ነው። ይህ ሁሉ ሕዝብ ኢማኑ ደክሞ ነው ማለት ይቻላል?

«ኢማን» ያልነው የደረሰብን ስላለ ነው። አንድ ረመዳን፣ ሰው በተሰበሰበበት ኢፍጣር ላይ፣ አንድ ዘመድ ለታናሿ ሆድን ለምግብ፣ ለመጠጥና ለትንፋሽ ስለማካፈል የተላለፈውን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ትምህርት ጮክ ብሎ አነበበላት። ትምህርቱን ከመድረሳ ጀምሮ እናውቀዋለን፣ እንወደዋለንም። ለሙስሊም ሁሉ የተሰጠ ነው። የዚያን ዕለት ከአጠገቧ ተቀምጦ ስድስተኛ ሳምቡሳውን ያነሳ ለነበረው ቀጭን ሰው ግን ማንም አላነበበለትም።

ወደ ካናዳ፣ ቶሮንቶ ከተማ ከመጣን በኋላ ክብደቱ ባሰ። በ2018 ታላቋ 131 ኪሎ ደረሰች፤ ቁመቷ 1 ሜትር ከ62 ነው። የስኳር በሽታ ይዟት በቀን አራት ጊዜ ኢንሱሊን ትወጋ ነበር። ታናሿ 118 ኪሎ ሆና ጉልበቷ ታመመ፣ በእንቅልፏም ትንፋሿ እየተቆራረጠ በአፍንጫዋ አየር የሚገፋ መሣሪያ አድርጋ መተኛት ጀመረች። ሁለታችንም የምንሰግደው ወንበር ላይ ነበር። የሠላሳ ዓመት ሴት በመስጊድ ከአሮጊቶች ጋር በወንበር ረድፍ ስትቀመጥ የሚሰማትን እዚህ ላይ አንዘረዝርም። ከዚያ በፊት ሰባት ዓይነት አመጋገብ ሞክረናል። አንድ ጊዜ ታላቋ 22 ኪሎ ቀንሳ በዓመት ከመንፈቅ 27 ኪሎ ተመልሶባታል።

ሐኪማችን የጨጓራ ቀዶ ሕክምናን ስታነሳ በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ወጪውን የመንግሥት የጤና መድን እንደሚሸፍን ነገረችን። በዚያን ጊዜ መመዘኛው ለክብደትና ለቁመት የሚወጣው ምጣኔ 40 እና ከዚያ በላይ መሆን፣ ወይም 35 ሆኖ እንደ ስኳር ያለ በሽታ ማስከተል ነበር። በ2022 የባለሙያ ማኅበራት ምክሩን ዝቅ አድርገው፣ 35 ከሆነ በሽታ ባይኖርም፣ 30 ሆኖ ስኳር ካለም ሊታሰብበት እንደሚገባ አስታውቀዋል። የታላቋ ምጣኔ 50 ገደማ፣ የታናሿ 43 ነበር።

ለእናታችን በስልክ ስንነግራት አለቀሰች። «ልጆቼ፣ በአላህ ይሁንባችሁ፣ ያቺን የግብፅ ልጅ አላያችሁም?» አለችን። የምትለው የእስክንድርያዋን ኢማን አብዱል ዓቲን ነው። ክብደቷ 500 ኪሎ ገደማ ነበር፤ በየካቲት 2017 በአውሮፕላን ወደ ሙምባይ ተወስዳ በመጋቢት ጨጓራዋን በቀዶ ሕክምና ተሠራች፤ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ አቡዳቢ ውስጥ በ37 ዓመቷ አረፈች። አላህ ይዘንላት። ሐኪሞቿ ልቧና ኩላሊቷ አስቀድመው ታመው እንደነበር ተናግረዋል። እኛም ለእናታችን የሳዑዲውን ኻሊድ ሻዒሪን ነገርናት። በ2013 ክብደቱ 610 ኪሎ ደርሶ፣ በንጉሥ ዐብደላህ ትእዛዝ ከጂዛን ወደ ሪያድ ለሕክምና የተወሰደውና ከዓመታት በኋላ 68 ኪሎ መግባቱ የተዘገበለት ሰው ነው። እናታችን ግን በምሳሌ የምትረታ ሴት አይደለችም። ያሳመናት «አልጋ ላይ ከመዋላችን በፊት እንታከም» የሚለው ቃል ነው።

ሌላው ጥያቄ የአላህን ፍጥረት መለወጥ ይሆንብን እንደሆነ ነበር። የመስጊዳችንን ሼኽ ጠየቅናቸው። ለጌጥ ብሎ አካልን መለወጥና በሽታን መታከም የተለያዩ መሆናቸውን አስረዱን። የዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ2007 ማሌዥያ፣ ፑትራጃያ ላይ ባደረገው 18ኛ ጉባኤ ይህንኑ ጉዳይ ማየቱንም ነገሩን። ክብደቱ የበሽታ ደረጃ ላይ ከደረሰ፣ ከቀዶ ሕክምና ሌላ መንገድ ከጠፋና ከጉዳት መጠበቅ ከተቻለ የተፈቀደ ነው የሚል ውሳኔ ተላልፏል።

ታላቋ በጥር 2019፣ ታናሿ በዚያው ዓመት በጥቅምት ተሠራን። ከዚያ በፊት ሥነ ምግብ ባለሙያ፣ ሥነ ልቦና ባለሙያና ነርስ ለወራት አነጋግረውናል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ያሳለፍነው በፈሳሽ ምግብ ብቻ ነው፤ ይህም በጨጓራ ላይ የተጋደመው ጉበት እንዲኮማተርና ለቀዳጁ ቦታ እንዲለቅ ነው። ለታላቋ ከጨጓራዋ የላይኛው ክፍል የእንቁላል ያህል ትንሽ ከረጢት ተለይቶ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ተያያዘላት። ለታናሿ ደግሞ ከጨጓራዋ ሰማንያ በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ወጥቶ የቀረው እንደ እጅጌ ጠባብ ሆነ። ሁለቱም በሆድ ላይ በተከፈቱ ትንንሽ ቀዳዳዎች የተሠሩ ናቸው። በተደራጀ ሆስፒታል በዚህ ሕክምና የሚሞተው ከሺህ አንድ ገደማ ሰው ነው። የስፌት መፍሰስ፣ መድማትና የደም መርጋት ግን ያጋጥማሉ፤ ቀላል ነው የሚላችሁን ሰው አትመኑ።

ሙስሊም ታካሚ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ደም እንዳይረጋ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚሰጠው ኢኖክሳፓሪን የተባለው መርፌ ከአሳማ አንጀት የሚወጣ ነው። ይህን ያወቅነው ስለጠየቅን ነው። ፎንዳፓሪኑክስ የሚባል ሰው ሠራሽ መድኃኒት አለ፤ ለሁሉም ታካሚ ግን አይሆንም። ሼኹ ምትክ ካልተገኘ ሕይወትን ማዳን እንደሚቀድም ነግረውን ስለነበር ልባችን ተረጋጋ። ብዙዎቹ የቫይታሚን እንክብሎችም ሽፋናቸው ጄላቲን ስለሆነ የሚታኘከውን ወይም ሐላል የሚል ምልክት ያለበትን እንፈልጋለን።

የታላቋ ስኳር ገና ኪሎዋ ሳይቀንስ መውረድ ጀመረ። ከሆስፒታል ስትወጣ ኢንሱሊኗ በግማሽ ተቀነሰ፤ በሁለተኛው ወር ቆመ። የአንጀቱ መንገድ ሲለወጥ ሆርሞኖቹም ስለሚለወጡ ነው ይላሉ ሐኪሞቹ። ነገር ግን ወራቱ ቀላል አልነበሩም። በአራተኛው ወር ፀጉራችን በማበጠሪያ እየተነቀለ ወጣ፤ ቆይቶ ተመለሰ። እንጀራ ጉሮሮ ላይ እየተጣበቀ ለወራት አልወርድ አለ። ከምግብ ጋር ውኃ መጠጣት ቀረ፤ በመካከላቸው ግማሽ ሰዓት መቆየት ያስፈልጋል። ታላቋ ሦስት ቴምር በተከታታይ የበላች ዕለት ላብ አጠመቃት፣ ልቧ ደለቀ፣ ተጋደመች። ስኳሩ ከትንሿ ከረጢት በቀጥታ ወደ አንጀት ስለሚወርድ ነው። አሁን በአንድ ቴምር ታፈጥራለች።

ስለ ረመዳን ብዙ ሰው ይጠይቀናል። የ2019 ረመዳን ታላቋ ከተሠራች አራት ወር ሳይሞላ ስለገባ ሐኪሟ ከለከለቻት። እሷም አልጾመችም፤ ቆይታ ቀዳውን ከፍላለች። በሽተኛ እንዲያፈጥር አላህ (ሱ.ወ.) የሰጠውን ፈቃድ እያወቁ «ሌሎቹ ይጾሙ የለም እንዴ?» የሚሉ ሰዎች አልጠፉም። በቀጣዩ ዓመት በሐኪም ፈቃድ ጾመች። ያስቸገራት ረሃብ አይደለም፤ ውኃ ነው። በዚያ ወቅት ቶሮንቶ ውስጥ ጾሙ ወደ አስራ ስድስት ሰዓት ይጠጋል። በቀሪው ሌሊት አንድ ሊትር ተኩል ውኃ በጉንጭ በጉንጭ እየተጎነጩ መጨረስ ሥራ ነው። ተራዊሕ ስትሰግድ የውኃ ጠርሙስ ከአጠገቧ አይለይም ነበር።

በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ታላቋ 88 ኪሎ፣ ታናሿ 89 ኪሎ ገባን። የታናሿ የእንቅልፍ መሣሪያ ወደ ሳጥኑ ተመለሰ። ወንበሩን ትተን ግንባራችንን ምንጣፍ ላይ ያሳረፍንበትን የመጀመሪያ ሱጁድ በቃላት ለመግለጽ አንችልም፤ ከዚያ ለመነሳት ረጅም ጊዜ ወሰደብን እንበል። አልሐምዱሊላህ።

ሁሉም አልተስተካከለም። በሦስተኛው ዓመት ታናሿ ስድስት ኪሎ ተመልሶባታል፤ ትንሽ መመለሱ የተለመደ ነው። የታላቋ የብረት ማዕድን በጣም ወርዶ በደም ሥር ተሰጥቷታል። ቢ12፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲና ብረት የዕድሜ ልክ ጓደኞቻችን ናቸው፤ ደማችንም በየዓመቱ ይመረመራል። እንደ ታላቋ የተሠራ ሰው እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ቁስል ስለሚያስከትሉበት መራቅ አለበት። ማስመለስ ካልቆመ «ነገ ይሻለኛል» ሳይባል በቶሎ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል፤ የቫይታሚን ቢ1 እጥረት አንጎልን ይጎዳል። ልጅ የምትፈልግ እህት ከዓመት እስከ ዓመት ከመንፈቅ እንድትቆይ ትመከራለች። ዋጋው ረክሶ ስላገኛችሁት ሌላ አገር ሄዳችሁ ለመሠራት የምታስቡም፣ ቀዶ ሕክምናው የአንድ ቀን፣ ክትትሉ የዕድሜ ልክ መሆኑን አስቡ። በምትኖሩበት ከተማ ይህን የደም ምርመራ የሚያደርግላችሁ ማን ነው?

ዛሬ ደግሞ ሌላ ምርጫ መጥቷል። ሴማግሉታይድ በ2021፣ ቲርዜፓታይድ በ2023 አሜሪካ ውስጥ ለውፍረት የተፈቀዱ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወጉ መድኃኒቶች ናቸው። ብዙ ሰው ይቀንስባቸዋል፤ ሲያቆማቸው ግን አብዛኛው ክብደት ይመለሳል። በእኛ ጊዜ ቢኖሩ ኖሮ ምን እንመርጥ እንደነበር እርስ በርሳችን ተከራክረን አልተስማማንም።

አሁን በቤታችን የሚያሳስበን የወንድማችን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። አባቷ ቀጭን ነው፤ እሷ ግን እኛን መስላለች። ዘመድ ሲመጣ «እንደ አክስቶቿ ልትሆን ነው» ብሎ ይስቃል። የልጆች ሐኪሟ ያለችው ልጅቱን ለብቻዋ አታስርቧት፣ ስለ ሰውነቷም አትናገሯት፣ ቤቱን ሁሉ ለውጡ ነው። ስለዚህ ለስላሳ መጠጥ ለማንም አይገባም፤ ለቀጭኖቹም ቢሆን። ወንድማችን ትንሽ አጉረምርሟል። ሳምቡሳው በምድጃ ይጋገራል። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አባትና ልጅ በእግር ወደ ቤት ይመጣሉ። እናታችን ከደሴ ስትደውል «ልጅቷ በላች?» ብላ መጠየቋን አልተወችም፤ ባለፈው ሳምንት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ «ዛሬስ ተጫወተች?» አለች።