አመድ ከመነስነሳችን በፊት

በመስኮቴ ሥር በቆርቆሮ የተከልሁት ቃሪያ አዳዲስ ቅጠሉ ቢጫ፣ የቅጠሉ ጅማት ግን አረንጓዴ ሆኖ ባየሁ ጊዜ ረኀብ መስሎኝ አመድ ነሰነስሁበት። ደረቀ። አፈሩን በኋላ ስለካው ፒኤቹ 8 ነበር። በአሲዳማው የምዕራብ ደጋ አፈር የሚበጀው አመድ የእኔን አባሰው፤ ብረቱ በአፈሩ ውስጥ እያለ ሥሩ ሊወስደው አልቻለም። አብዛኛው አትክልት ከ6 እስከ 7 ይስማማዋል፤ አንዷ ቁጥር ደግሞ የዐሥር እጥፍ ልዩነት ናት።

ለመለካት ውድ መሣሪያ አያሻም። አፈሩን በዝናብ ውሃ በጥብጣችሁ ሲጠልል፣ የቀይ ጥቅል ጎመን ቅቅል ውሃ ጠብ አድርጉበት፤ ቢቀላ አሲዳማ፣ ወደ አረንጓዴ ቢያደላ አልካላይን ነው። ቁጥሩን አይነግርም፣ አቅጣጫውን እንጂ። የቡና አተላስ? ሁልጊዜ እጠየቃለሁ፤ አብዛኛው አሲዱ ከሲኒው ጋር ተጠጥቷል። ለአንዲት ቆርቆሮ ግማሹን አፈር መለወጥ ይረክሳል።